ሸበጥ ስትሉ የትኛውን ነው? ነጠላ ጫማ፣ በረባሶ፣ ኮንጎና ሺዳ፦ ስማቸውና የሚደረጉበት ጊዜ

ይህን የኢንተርኔት የውይይት ክር የከፈተችው ከቨርጂኒያ የምትጽፍ እህት ናት። ክረምቱ ሳይገባ ደብረ ማርቆስ ዙሪያ ገጠር ለሚኖሩ ዘመዶች ጫማ መላክ ፈልጋ፣ ከቤተሰብ የደረሳትን ዝርዝር እንዳለ ለጠፈችው፦ ሁለት ሸበጥ፣ ሦስት ኮንጎ፣ አንድ ቦቲ፣ ለሁለት ልጆች ሽፍን ጫማ። ጥያቄዋ አጭር ነበር፤ ሸበጥ ሲሉ የትኛውን ማለታቸው ነው? ከጥያቄው ሥር ግን አንድ አቋም አክላለች። ሸበጥ፣ ነጠላ ጫማ፣ ስሊፐር፣ በረባሶ፣ ኮንጎ የሚባለው ሁሉ አንድ ነገር ነው፤ አገሩ ሲለያይ ስሙ ተለያየ እንጂ ሌላ ልዩነት የለውም፤ ስለዚህ ለአዋቂዎቹ በሙሉ ጥሩ ጥሩ ነጠላ ጫማ ገዝታ ብትልክ ይበቃል የሚል ነው። ውይይቱን ያረዘመው ጥያቄው ሳይሆን ይህ አቋም ነው። ምላሾቹን በተራቸው አስቀምጣቸዋለሁ፤ ቁም ነገር ያለባቸው ላይ እቆያለሁ፣ ሰላምታና ምስጋና ብቻ የሆኑትን እዘላለሁ።

1ኛው ምላሽ ከአዲስ አበባ ነው፤ ጠያቂዋን አንቺ ሳይል እርስዎ እያለ በትሕትና ጀመረ። ነጠላ ጫማ ስሙን ያገኘው ከአሠራሩ ነው አለ። እንደምንለብሰው ነጠላ ሁሉ ድርብ የለውም፤ ገበር የለው፣ እግር የሚሸፍን ፊት የለው፣ አንድ ንጣፍና ማሰሪያ ብቻ ነው። አዲስ አበባ ላይ ሁለቱም ዓይነት፣ በአውራ ጣትና በሁለተኛው ጣት መሐል የሚገባውም፣ በእግር ጀርባ ላይ በሰፊ ማሰሪያ የሚያልፈውም፣ ነጠላ ጫማ ይባላል። ስሊፐር የሚለውን ብዙ ሰው ለቤት ውስጡ ለይቶ ያስቀረዋል። ከኋላ ማሰሪያና ዘለበት ካለው ደግሞ ሰንደል ነው፤ ነጠላ ጫማ የሚለው ስም እዚያ አይደርስም።

2ኛዋ ጸሐፊ ከጎንደር በኩል ናት፤ የጠያቂዋን ጥያቄ በቀጥታ የመለሰችው እሷ ነች ብዬ አምናለሁ። ሸበጥ የሚለው ቃል የሚለያየው በአገር ብቻ ሳይሆን በዕድሜም ነው አለች። ትልልቆቹ ሸበጥ ሲሉ ሶሉ የደደረ ቆዳ፣ ማሰሪያውም ቆዳ የሆነውን የእጅ ሥራ ሊያስቡ ይችላሉ፤ ወጣቶቹ ደግሞ ሱቅ የተሰቀለውን ባለ ጎማ ነጠላ ጫማ ሸበጥ ይሉታል። ስለዚህ ዝርዝሩን ማን ጻፈው ብሎ መጠየቅ ይቀድማል። የጻፈው ወጣት ቢሆንም ያስጻፉት አባት ከሆኑ ቃሉ የእሳቸው ነው። ስልክ ደውሎ የቆዳ ነው ወይስ የላስቲክ፣ በጣት መሐል ነው ወይስ በእግር ጀርባ ብሎ መጠየቅ ከማንኛውም የስም ክርክር ይሻላል ብላ ዘጋች። ከዚያ በኋላ ስለ ሸበጥ የተጻፈው ሁሉ በዚህች ምላሽ ዙሪያ የሚሽከረከር ነው።

3ኛው ትንሽ ጠንከር ብሎ ገባ። በረባሶን ከነጠላ ጫማ ጋር መደመር የማያውቁ ሰዎች ስሕተት ነው አለ። በረባሶ ካለቀ የመኪና ጎማ የሚቆረጥ ጫማ ነው፤ መርካቶ ምናለሽ ተራ የሄደ ሰው ጎማው ሲተለተል፣ ማሰሪያው ሲመታ ያያል። ከዚያ አሠራሩን ደረጃ በደረጃ አስቀመጠ፤ ከክሩ ሁሉ የወደድሁት ክፍል ይህ ነው። መሬት የሚነካው ጥርስ ያለበት የጎማው ክፍል ለሶል ይሆናል፣ ከመነዳሪው ደግሞ ለማሰሪያ። የእግሩ ልክ በካርቶን ወጥቶ ጎማው ላይ በጠመኔ ይሰመራል። ቢላዋው በየጊዜው ውሃ ይነከራል፤ ደረቅ ቢላዋ ጎማ ውስጥ ይያዛል፣ ሲያመልጥም እጅ ይቆርጣል። የማሰሪያው ቀዳዳ ከጠርዙ 1 ሳ.ሜ. ገባ ብሎ በመሮ ይበሳል፤ ማሰሪያው 2.5 ሳ.ሜ. ስፋት ካለው ቀዳዳው 2 ሳ.ሜ. ብቻ መሆን አለበት፣ ጎማው ተጨምቆ በጉጠት ሲሳብ ራሱን በራሱ ነክሶ እንዲይዝ። ከሥር 1.5 ሳ.ሜ. ያህል ይተርፍና ታጥፎ በአጭር ሚስማር ይመታል። ዋናው ጥበብ እዚህ ጋ ነው፤ የታጠፈው ጫፍ በጥርሶቹ መሐል ባለው ቦይ ውስጥ ማረፍ አለበት። ጥርሱ ላይ ካረፈ ከአስፋልቱ ጋር የሚፋተገው ማሰሪያው ይሆንና ሶሉ ሳይነካ ማሰሪያው ተበልቶ ይበጠሳል። ሚስማሩም ከሶሉ ውፍረት ማጠር አለበት፤ 1.5 ሳ.ሜ. ውፍረት ላለው ሶል 1 ሳ.ሜ. ሚስማር ይበቃል። ከዚያ ከረዘመ ሶሉ ሲሳሳ ሚስማሩ ወደ ተረከዝ ይወጣል።

4ኛው በአክብሮት አንድ ጥያቄ አቀረበ፤ አንዳንዱ በረባሶ ካልሲ የሚቀደው፣ እግርም የሚወጋው ለምንድን ነው? 5ኛው መልሱን ሰጠ። ጥፋቱ የሠራተኛው ሳይሆን የጎማው ነው። የዛሬ የመኪና ጎማ በአብዛኛው ከጥርሱ ሥር የሽቦ መረብ አለው፤ ሲቆረጥ የሽቦው ጫፎች ጠርዙ ላይ ይቀራሉ፣ ጎማው እየሳሳ ሲሄድ ብቅ ይላሉ። የሚፈለገው በናይለን ክር ብቻ የተሠራው የቆየው የጭነት መኪና ጎማ ነው። ለመለየት ማግኔት ሶሉ ላይ ማስጠጋት ነው፤ ከሳበ ሽቦ አለበት። ማግኔት የሌለው ጠርዙን ዞር ዞር አድርጎ ይይ፤ ናይለኑ እንደ ክር ይተለተላል፣ ሽቦው ያብለጨልጫል። እዚህ ላይ ሌላ ሰው በ6ኛው ምላሽ የጎማ ጫማ ወደ ውጭ ገበያ መውጣቱን አነሣ፤ በ1997 ዓ.ም. አካባቢ አዲስ አበባ ዘነበወርቅ ሰፈር በቤተልሔም ጥላሁን የተመሠረተው ሶልሬብልስ ከዚሁ ካለቀ ጎማ ሶል የሚቆርጥ ድርጅት ነው። በረባሶ የድህነት ምልክት ብቻ ተደርጎ መታየቱ እንደሚያሳዝነውም ጻፈ። በዚህ እስማማለሁ፤ እጅ ያረፈበት፣ ለዓመታት የሚያገለግል ዕቃ ነው።

7ኛው ወደ ኮንጎ መለሰን። ኮንጎ አንድ ወጥ ፕላስቲክ ነው፤ በቅርጽ ውስጥ ፈስሶ የሚወጣ፣ ስፌትም ማስቲሽም የሌለው። የእግር ጣትን ይሸፍናል፣ ጎኑና ፊቱ ላይ አየር ማስገቢያ ቀዳዳ አለው፣ ክር የለውም። ገበሬው የሚወደው ምንጭ ሲሻገር ውሃው ገብቶ ስለሚወጣና ጭቃው በአንድ ጣሳ ውሃ ስለሚለቅ ነው። ሦስት ኮንጎ ካሉሽ ሦስት ኮንጎ ላኪ፣ በነጠላ ጫማ አትለውጪባቸው አለ። ድምፁ ከፍ ማለት የጀመረው ከዚህ ነው።

8ኛው ከመቀሌ ነኝ ብሎ፣ እነሱ ዘንድ የፕላስቲኩን ጫማ ኮንጎም ሺዳም ሲሉት ሰው ይግባባል፣ ይህን ያህል መከፋፈል አያስፈልግም ሲል ጻፈ። 9ኛው አልተቀበለውም። እስካሁን በአብዛኛው በእርስዎ ሲሄድ የነበረው ውይይት አንተ ወደ መባባል የወረደው በዚህ ምላሽ ነው። ሺዳ ከኋላ ማሰሪያና ዘለበት ያለው፣ ፊቱ በሰፋፊ የፕላስቲክ ጠፍሮች የተያዘ ክፍት ሰንደል ነው፤ ኤርትራ ውስጥ የታጋይ ጫማ ሆኖ ኖሯል፣ አስመራ ላይም በብረት የተሠራ ግዙፍ የሺዳ ሐውልት ቆሞለታል፤ ይህን ያህል ትርጉም ያለውን ስም ለማንኛውም ፕላስቲክ መስጠት ተገቢ አይደለም ብሎ ተቆጣ። 8ኛው ተመልሶ በ10ኛው፣ የትግራይ ታጋዮችም ሺዳ አድርገው መሄዳቸውን፣ ስሙም የማንም የግል ንብረት አለመሆኑን አስታወሰ። ሁለት ሦስት ምላሽ ከጫማ ወጥቶ ወደ ፖለቲካ ነጎደ፤ እሱን እዘለዋለሁ። 13ኛዋ ነገሩን በአንድ ምልክት ፈታችው። ጣት ከተሸፈነ ኮንጎ፣ ጣት ታይቶ ዘለበት ካለ ሺዳ፤ ገበያ ላይ የሚሸጥ ሰው ስሙን ባይሰማ እንኳ ይህን ቢነግሩት አይሳሳትም። ሁለቱም ዝም አሉ፤ ይህ ለኔ በቂ ስምምነት ነው።

ከዚህ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ክሩ የባለሙያ ሆነ። 14ኛው የፕላስቲክ ጫማ የሚሠራበትን ቦታ የሚያውቅ ሰው ይመስላል። ኮንጎና ሺዳ የሚሠሩበት ፕላስቲክ ፒቪሲ ነው፤ በራሱ ደረቅ ነው፣ ለስላሳ የሚያደርገው የተደባለቀበት ማለስለሻ ነው። ማለስለሻው በፀሐይና በጊዜ እየወጣ ሲሄድ ጫማው ይደርቃል፣ ከዚያ ጣት በሚታጠፍበት መስመር ላይ ይሰነጠቃል። ብርድ ደግሞ ያጠነክረዋል፤ ደጋ ላይ ጠዋት ተረከዝ የሚልጠው ለዚህ ነው። ሌላው ችግር ከቅርጹ ሲወጣ በመጋጠሚያው ላይ የሚቀር ስለት የመሰለ ጠርዝ ነው። አዲስ ኮንጎ ከመደረጉ በፊት ውስጡን በጣት መዳሰስ፣ ስለቱን በምላጭ መላጨት ያስፈልጋል። ከጠበቀ እጅ በሚችለው ሙቅ ውሃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ አቆይቶ በወፍራም ካልሲ ማድረግና በእግር ላይ እስኪበርድ መጠበቅ ነው። የፈላ ውሃ ግን ቅርጹን ያበላሸዋል።

15ኛው ጠየቀ፤ ሲቀደድስ? 16ኛው ምላሽ ረጅም ነው፣ ለገጠር ሰው በእጅጉ ይጠቅማል። ፒቪሲ ይበየዳል። አሮጌ ቢላዋ ከሰል ላይ ይጋላል፤ የተቀደዱት ሁለቱ ጠርዞች ቢላዋውን ከግራና ከቀኝ እንዲነኩ ተደርጎ፣ ፕላስቲኩ ማር መስሎ ሲቀልጥ ቢላዋው ወጥቶ ጠርዞቹ ለአንድ ደቂቃ ተጫጭነው ይያዛሉ። ከዚያ ከሞተ ኮንጎ የተቆረጠ ቀጭን ጠፍር በላዩ ላይ እንደዚሁ ይለጠፋል፤ ያለ መደረቢያ የተበየደው ቦታ ዳግመኛ ይለቃል። ፕላስቲኩ ጠቁሮ ከጨሰ ቢላዋው ከመጠን በላይ ግሏል፤ ጢሱ ጉሮሮ የሚያቃጥል መርዝ ስለሆነ ሥራው ደጅ መሆን አለበት፣ ልጆችም አይጠጉ። ማስቲሽ ግን ፒቪሲ ላይ አይበረክትም። ማለስለሻው ወደ ማስቲሹ እየገባ ስለሚያላላው በጥቂት ቀን ይላቀቃል። ሊስትሮው ለጥፎልኝ ወዲያው ለቀቀ የሚል ሰው የሚወቅሰው ሊስትሮውን መሆን የለበትም።

17ኛው ይህ ሁሉ ለስፖንጁ ጫማ እንደማይሠራ አስጠነቀቀ። እንደ ክሮክስ ያለው ቀላሉ ጫማና ብዙው የቤት ነጠላ ጫማ የሚሠራው ኢቪኤ ከሚባል ፎም ነው። በቢላዋ ሲነካ ይቃጠላል እንጂ አይጣበቅም፤ ለሱ ነው ማስቲሽ። ሁለቱም ፊት በሸካራ ወረቀት ይፈተጋል፣ ማስቲሹ በሁለቱም ላይ በስሱ ይቀባል፣ ጣት ሲነካው የማይከተል እስኪሆን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይጠበቃል፣ ከዚያ በኃይል ይጫናል። ሰው የሚሳሳተው ሳይጠብቅ እርጥቡን በማጣበቅ ነው። ይህ ፎም ዝግ መኪና ውስጥ ወይም ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ፀሐይ ሲመታው ይኮማተራል፤ 40 ቁጥር የነበረው 38 ሊሆን ይችላል፣ ወደ ልኩም አይመለስም። ባሕረ ሰላጤ አገር ያላችሁ በረንዳ ላይ አታስጡት አለ።

እዚህ ላይ ውይይቱ ባሕር ተሻገረ። 18ኛዋ ከጅዳ፣ እዚያ ሺብሺብ ወይም ዘኑባ የሚባለው የእኛው ነጠላ ጫማ መሆኑን፣ ናዓል የሚባለው ግን ወንዶች ከጀለቢያ ጋር የሚያደርጉት የቆዳ ሰንደል ስለሆነ ለአሠሪ አንዱን በአንዱ ለውጦ መግዛት እንደሚያስወቅስ ጻፈች። ለዑምራና ለሐጅ ኢሕራም የገባ ወንድ ቁርጭምጭሚትን የማይሸፍን ጫማ እንደሚያስፈልገውም አከለች። 19ኛው ከእስራኤል፣ ነጠላ ጫማ ካፍካፊም፣ የቤት ውስጡ ናዓሌ ባይት እንደሚባል ነገረን። 20ኛው ከናይሮቢ፣ የኬንያ በረባሶ አካላ እንደሚባል፣ ነጠላ ጫማው ፓቲፓቲ እንደሆነ፣ ታንዛኒያ ሲገባ ደግሞ ንዳላ እንደሚሆን። ከጅግጅጋ የጻፈው 21ኛው ሶማሊኛውን ደዓስ ጨመረ። አሜሪካ ያሉት ስሊፐር ብለው ሱቅ ቢጠይቁ የሚቀርብላቸው ባለ ፀጉር የቤት ጫማ መሆኑን፣ ሃዋይ ካልሆነ በቀር ፍሊፕ ፍሎፕ ማለት እንደሚያስፈልግ 22ኛው አስታወሰ። ጠያቂዋ የምትገዛው ከዚያ ስለሆነ ይህኛው ሥራ ላይ የሚውል ነው።

የት ይደረጋል የት አይደረግም የሚለው በ23ኛው ተጀመረ፤ እንደጠበቅሁት የከረረው እዚህ ነው። 23ኛው ነጠላ ጫማ ከቤት ደጃፍ ማለፍ የለበትም፣ ባንክ ቤትና ቢሮ በነጠላ ጫማ የሚገባ ሰው ራሱንም ሌላውንም አያከብርም አለ። 24ኛዋ በጨዋነት ለየችው፤ ጉዳይ ለማስፈጸም፣ ለለቅሶ፣ ለሽምግልና ሽፍን ጫማ ነው፤ ለጠበል፣ ለመታጠቢያ፣ ሰፈር ሱቅ ደርሶ ለመመለስ ነጠላ ጫማ ነው። ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ለሚሳለም ሰው ጫማ ደጅ ስለሚቀር ክር ከሚፈታበት ጫማ በቀላሉ የሚወልቅ ይሻላል፤ ነጠላ ጫማ ግን ሁሉም ስለሚመሳሰል ከሥሩ ምልክት ማድረግ ወይም በፌስታል ይዞ መግባት ነው። 25ኛው ነገሩን ከይሉኝታ ወደ አደጋ አዞረው። በነጠላ ጫማ መኪና አይነዳም፤ ተረከዙ ነፃ ስለሆነ ታጥፎ ከፍሬን ፔዳል ሥር ይሰነቀራል። የሚያሽከረክር ሰው ቢያንስ ከኋላ ማሰሪያ ያለው ያድርግ። ወጥ ቤትም እንደዚሁ፤ የፈላ ዘይት በተከፈተ እግር ላይ ሲፈስ ነጠላ ጫማ ምንም አይመክትም፣ ፕላስቲክ ከሆነ ደግሞ ትኩሱን ይዞ ቆዳ ላይ ይቆያል። ለመታጠቢያ ቤት ሴራሚክ ደግሞ ከሥሩ ጥልቅ መስመርና የውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳ ያለውን መምረጥ፤ መስመሩ ከ1 ሚ.ሜ. በታች ከሳሳ በሳሙና ውሃ ላይ እንደ በረዶ ያንሸራትታል፣ ማሰሪያው ደህና ቢሆንም መጣል አለበት።

26ኛው ምላሽ የጤና ባለሙያ ነው፤ ሁላችንም ቆም ብለን ያነበብነው ይህን ነው። ደብረ ማርቆስ ዙሪያ ለሚላክ ጫማ የስም ክርክሩ ሁለተኛ ነው አለ። ጎጃም፣ ወላይታና ወለጋ ውስጥ በስፋት የሚታይ፣ በወባ ትንኝ ዓይነት ነፍሳት የማይተላለፍ የዝሆኔ በሽታ አለ፤ ስሙ ፖዶኮኒዮሲስ ነው፣ ወላይታ አካባቢ የሚሠሩት ሞሲ ፉት ይሉታል። መንስኤው አፈሩ ነው። ከእሳተ ገሞራ ዐለት የወጣ ቀይ ሸክላ አፈር ባለበት፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማና ከዚያ በላይ በሆነ፣ በዓመት ከ1,000 ሚ.ሜ. በላይ ዝናብ በሚያገኝ ደጋ ላይ ለዓመታት በባዶ እግር የሚሄድ ሰው፣ ደቃቁ የማዕድን ብናኝ በቆዳው ገብቶ የእግሩን የሊምፍ ቧንቧ (ከሰውነት ፈሳሽ የሚመልሰውን) ያውካል። በዘር ተጋላጭ የሆኑት ላይ ይጀምራል፤ መጀመሪያ የእግር ጀርባ ያሳክካል፣ ያቃጥላል፣ ማታ ማታ ያብጣል፣ ጠዋት ይመለሳል። የሚመለስበት ጊዜ ሳያልፍ ከተያዘ ማስቆም ይቻላል፦ እግርን በየቀኑ በሳሙናና በንጹሕ ውሃ ማጠብ፣ በጣቶች መሐል ማድረቅ፣ ቫዝሊን መቀባት፣ ከዚያ ካልሲና ሽፍን ጫማ። ነጠላ ጫማም ሸበጥም አይቆጠርም፤ ብናኙ በላዩ ይገባል። ኮንጎ ቀዳዳ ስላለው ያለ ካልሲ ግማሽ ሥራ ነው። ሙጃሌም የሚገባው በጣት ዳርና በተረከዝ በኩል ስለሆነ ክፍት ጫማ አያስጥልም። ልጆቹ ሽፍን ጫማ መጠየቃቸው ልክ ነው፤ እንዲያውም ለአዋቂዎቹም መጨመር አለበት።

27ኛው ተቃወመ። አያቶቻችን በባዶ እግር ኖረዋል፣ አበበ ቢቂላም ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ አሸንፏል፣ ጫማ ማስለመድ እግርን ማልፈስፈስ ነው አለ። 28ኛው መልሱን በቁጣ ጀመረው፣ ግን ፍሬ ነገሩ ትክክል ነው። አበበ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ የጨረሰው በከተማ መንገድ ላይ ነው፤ ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ገባ። የአንድ ቀን ሩጫ ከቀይ አፈር ላይ የ20 ዓመት እርሻ ጋር አይወዳደርም። ያበጠ እግር ይዞ ከሰው ተደብቆ የሚኖር፣ ሠርግና ማኅበር የቀረበት ገበሬ ፊት ይህን ብትናገር ምን ይመልስልህ ነበር ብሎ ጠየቀው። 27ኛው አልተመለሰም። ቁጣው ቢበዛም ከ28ኛው ጎን ነኝ፤ በዚህ ጉዳይ መለሳለስ ሰው ይጎዳል።

29ኛው ውጥረቱን አርግቦ ወደ ቦቲው መለሰን፤ ዝርዝሩ ውስጥ ያለው ቦቲ የክረምቱን ጭቃ ለሚጋፈጠው ሰው ነው። ጥቁሩ ዋልካ መሬት ሲርስ እግርን ስቦ ይይዛል፤ ነጠላ ጫማ ከሆነ እግሩ ይወጣል፣ ማሰሪያው ተነቅሎ ሶሉ ጭቃው ውስጥ ይቀራል። ቦቲ ከሌላው ጫማ አንድ ቁጥር ከፍ ተደርጎ ይገዛል፣ ለወፍራም ካልሲ። ቁመቱ ከባት በታች ይሁን፤ ጉልበት ከደረሰ ቁጭ ብሎ ለሚያርም ሰው ይቆርጣል። ማታ እሳት አጠገብ ማድረቅ ጎማውን ያሰነጥቀዋል፤ ሁለት እንጨት ተክሎ አፉን ወደ ታች መድፋት ነው። ቀኑን ሙሉ ከታሰረ በጣት መሐል እርጥበትና ፈንገስ ያመጣል፣ ስለዚህ ከሥራ መልስ ይወልቅ። 30ኛው ለተነቀለው ነጠላ ጫማ መላ አለው፦ ከጀሪካን ክዳን ወይም ከከመነዳሪ 3 ሳ.ሜ. ስፋት ያለው ክብ ይቆረጣል፣ እስከ መሐሉ ይሰነጠቅና ከሶሉ ሥር በማሰሪያው ራስ አንገት ላይ ይገባል። ሰፊ ስለሆነ በሰፋው ቀዳዳ አያልፍም። ብዙ ሰው እንደሚያደርገው ሚስማር ማሻገር ግን አይመከርም፤ ሶሉ ሲሳሳ ሚስማሩ ይዞራል፣ ጫፉም ወደ ላይ ይመጣል።

ጠያቂዋ በ31ኛው ተመለሰች። ወደ አገር ቤት ደውላ ነበር። ሸበጡን ያስጻፉት አጎቷ ናቸው፤ የፈለጉትም የቆዳውን ነው፣ ለቤተ ክርስቲያን። ስለዚህ ያንን ከቨርጂኒያ መግዛት ትታ ገንዘቡን ልካ እዚያው እንዲሰፋላቸው ወሰነች። ኮንጎዎቹን በኮንጎነታቸው ትታ በጥንድ ሁለት ሁለት ወፍራም ካልሲ ጨመረች፣ ለአዋቂዎቹም አንዳንድ ሽፍን ጫማ። የቀራት የልክ ጥያቄ ነው፤ የነገሯት ቁጥር በኢትዮጵያ ገበያ የሚሠራበት የአውሮፓው ቁጥር ሲሆን እዚያ ያለው ሱቅ ሌላ ይቆጥራል።

32ኛው ቁጥሩን ተዪውና ሳንቲሜትር አስልኪ አላት። ሰውየው ማታ፣ እግር ትንሽ ባበጠበት ሰዓት፣ ወረቀት ረግጦ ተረከዙን ግድግዳ አስነክቶ ይቁም፤ እርሳሱ ቀጥ ብሎ ይያዝ እንጂ ወደ ውስጥ አያዘንብል፣ ካዘነበለ ልኩን ያሳጥረዋል። ሁለቱም እግር ይለካ፣ የሚሠራው የረዘመው ነው። በዚያ ላይ 1.5 ደምሮ በ1.5 ማባዛት የአውሮፓውን ቁጥር ይሰጣል፦ 25 ሳ.ሜ. እግር 39.75 ስለሚመጣ 40፣ 27 ሳ.ሜ. 42.75 ስለሚመጣ 43። 33ኛዋ ለልጆች አንድ ነገር አረመችው። ወፍራም ካልሲ የሚደርብና የሚያድግ ልጅ ከሆነ አንድ ቁጥር መጨመር ይቻላል፣ ሁለት ግን አይጨመር፤ ተረከዙ ውስጥ የሚንሸራተት ጫማ ስለሚልጠው ልጁ አውልቆ በእጁ ይዞት ይሄዳል፣ የተላከበት ምክንያትም እዚያው ይቀራል። ጠያቂዋ በ34ኛው የሁለቱን ልጆች ልክ ጻፈች፣ 19 እና 22 ሳ.ሜ.። 35ኛው አስልቶ 31 እና 35 ይመጣል፣ ካልሲውንና እድገቱን ጨምረሽ 32 እና 36 ግዢ አላት፤ ክር ከማሰር ይልቅ በሚጣበቅ ማሰሪያ የሚዘጋውን እንድትመርጥም ነገራት፣ ትንሹ ልጅ ራሱ እንዲዘጋው።